በሞስ መጽሐፍ ውስጥ የተወለደ ፈንገስ

በ1789 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ ስለ ሞስ በላቲን የተጻፈ አንድ ትልቅ ሥራ ሁለተኛ ቅጹ ታትሞ ተጠናቀቀ። ሞስ የሚባለው በእርጥብ ድንጋይ፣ በአሮጌ ግንብና በዛፍ ግንድ ላይ ተጣብቆ የሚለብሰው፣ አበባ የማያወጣው ድንክ አረንጓዴ ተክል ነው። በዚያ ቅጽ ውስጥ ግን ሞስ ያልሆነ ነገርም ተስሎ ነበር፤ ስፋቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ፣ ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ ከንፈሩ ነጣ ባለ ጠርዝ የተከፈፈ ጽዋ መሰል ፈንገስ። ደራሲው ወገኑን ኦክቶስፖራ፣ ዝርያውን ሌውኮሎማ ብሎ ሰየመው። ስሙ ወዲያው ወጣለት፤ ማንነቱ ግን ብዙ ቆየ። ይህ ፈንገስ ኑሮውን የመሠረተው በሕያው ሞስ ላይ ተጠግቶ መሆኑ፣ ያውም በመጣው ሞስ ሁሉ ላይ ሳይሆን በተወሰነ ሞስ ላይ መሆኑ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ ወደ 190 ዓመት አለፈ። ለዚህ መዘግየት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ፍጥረቱ እጅግ ትንሽ ነው፣ የጥንቶቹም መሣሪያ ደካማ ነበር የሚል ነው። የኦክቶስፖራን ታሪክ በቅደም ተከተል ላየው ሰው ግን ይህ ምክንያት አይበቃም። መሣሪያው ቀድሞ ነበር። ያልነበረው ፈንገሱንና ሞሱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ስለ ሁለቱ አንድ ላይ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ደራሲው ዮሐን ሄድቪግ በ1730 ክሮንሽታት በምትባል የትራንሲልቫኒያ ከተማ ተወለደ፤ ዛሬ ብራሾቭ የምትባል የሩማንያ ከተማ ናት። በላይፕዚግ ሕክምና አጥንቶ በ1759 ተመረቀ፤ ይሁንና ዲግሪው የቪየና ስላልነበረ በተወለደበት አገር ማከም አልተፈቀደለትም። ስለዚህ በሳክሶኒ ኬምኒትስ ከተማ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ያህል ሐኪም ሆኖ ሠራ። በሽተኞቹን የሚያይበት ሰዓት ሳይደርስ በማለዳ ከከተማው ውጭ እየወጣ ዕፅዋት ይሰበስባል፤ ማታ ማታ ደግሞ የሰበሰበውን በማይክሮስኮፕ ይመረምራል። የዘመኑ ትልቅ እንቆቅልሽ አበባ የሌላቸው ዕፅዋት እንዴት ይራባሉ የሚለው ነበር። ካርል ሊኔየስ ሞሶችን፣ ፈርኖችን፣ አልጌዎችንና ፈንገሶችን ሁሉ ጋብቻቸው የተሰወረ ብሎ በአንድ ክፍል አጉሮ ትቷቸዋል፤ በሞስ ራስ ላይ የሚታየውንም ከረጢት የወንዴ ክፍል መስሎት ነበር። ሄድቪግ የሞስን እውነተኛ ወንዴና ሴቴ አካላት ለይቶ አየ፤ ከረጢቱም የወንዴ ክፍል ሳይሆን ከሴቴው አካል የሚወጣ ፍሬ መሆኑን አሳየ። ግኝቱን በ1782 አሳተመ። በ1783 የቅዱስ ፒተርስበርግ አካዳሚ ስለዚሁ ጥያቄ ያዘጋጀውን ሽልማት ወሰደ። በ1789 ደግሞ፣ ኦክቶስፖራ በታተመበት ዓመት፣ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መምህርና የዕፅዋት ቦታው ኃላፊ ሆነ።

እንግዲህ ፈንገሱን ወደ ሳይንስ ያመጣው ሰው የሞስ ጥናት አባት የሚባለው ሰው ነው። ምን እንዳየም ስሙ ራሱ ይናገራል። የጽዋው ውስጠኛ ገጽ በቀጭን ተሰንጥቆ ከውኃ ጠብታ ጋር በመስታወት ላይ ሲቀመጥ፣ ጎን ለጎን የተሰደሩ ረጃጅም ቀጫጭን ከረጢቶች ይታያሉ። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስምንት ስፖሮች (የመራቢያ ብናኞች) አሉ፤ ቀለም የሌላቸው፣ ሞላላ፣ በውስጣቸው የዘይት ጠብታ የሚያበራ። ሄድቪግ ስምንቱን ቆጥሮ ወገኑን በዚያው ጠራው። ጣሊያናዊው ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ በ1729 የፈንገስ ብናኝ በተቆረጠ ሐብሐብ ላይ ዘርቶ ፈንገሱን አብቅሏል፤ ሄድቪግ ግን ብናኙ የሚቀመጥበትን ቤት ጭምር የወገን መለያ አደረገው። የጽዋ ፈንገሶችን ከውስጥ አሠራራቸው ተነሥቶ መመደብ የተጀመረው በዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ፈንገሱንና ሞሱን አንድ ላይ የሚያይ ሰው ነበር የጎደለው ካልን፣ ሄድቪግ ራሱ ያ ሰው አልነበረምን? የዓለምን ሞስ ከማንም በላይ የሚያውቅ፣ ጥሩ ማይክሮስኮፕ በእጁ ያለ፣ ፈንገሱንም በሞስ መጽሐፉ ያሳተመ ሰው ጥገኝነቱን ካላየ፣ ችግሩ የትምህርት ዘርፎች መለያየት ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ክርክሩንም ያሻሽለዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሄድቪግ በማይክሮስኮፑ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመራቢያ አካል። የሞሱንም የፈንገሱንም ላይኛ ክፍል የመረመረው ስለዚህ ነው፤ ፍሬና ስፖር ያለው እዚያ ነውና። ሁለቱ ፍጥረታት የሚገናኙት ግን ከአፈር በታች፣ ሞሱ መሬት በሚይዝባቸው ሥር መሰል ክሮች ላይ ነው። ወደዚያ የሚወስድ ጥያቄ በ1789 ማንም አልጠየቀም። ሁለቱን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ለሌላው ምኑ ነው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። ከሄድቪግ በኋላ ደግሞ ሁለቱን አብሮ የሚያውቅ ሰው ራሱ ብርቅ ሆነ።

ሄድቪግ በየካቲት 1799 ሞተ። ዋናው የሞስ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1801 ታተመ፤ እስከ ዛሬም የአብዛኛው ሞስ ሳይንሳዊ ስም የሚቆጠረው ከዚያ መጽሐፍ ጀምሮ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተወለደው ክርስቲያን ፔርሶንም በዚያው በ1801 የፈንገሶችን አጠቃላይ መድበል አወጣ። የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም መለያየቱን ያሳያል፤ በአንድ ዓመት ሞስ የራሱን መጽሐፍ፣ ፈንገስም የራሱን መጽሐፍ አገኘ። ከዚያ ወዲያ ሞስ የሚያጠናና ፈንገስ የሚያጠና ሰው ሁለት ሰው ሆነ፤ የየራሳቸው ማኅበር፣ የየራሳቸው የናሙና ሣጥን ያላቸው። ስዊድናዊው ኤልያስ ፍሪስ በ1822 ባሳተመው ቅጽ የሄድቪግን ወገን አልተቀበለም፤ ትንንሾቹን ብርቱካንማ ጽዋዎች ፔዚዛ በሚባል ሰፊ ወገን ውስጥ ከተታቸው። በዚህ ፍሪስን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍትሕ አይሆንም። በሺህ የሚቆጠር ፈንገስ ሊመድብ የተነሣ፣ ናሙናውን በዓይንና በእጅ መነጽር ሜዳ ላይ የሚለይ ሰው፣ እያንዳንዱን ጽዋ ሰንጥቆ ስፖር ይቁጠር ማለት በዚያ ዘመን ሥራውን ማስቆም ነበር። ደግሞም ስምንት ስፖር በከረጢት የኦክቶስፖራ ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹ የጽዋ ፈንገሶች እንዲሁ ናቸው። ሄድቪግ ራሱ ዛሬ ከሌላ ወገን የሚቆጠሩ ብዙ ፈንገሶችን በዚሁ ስም ጠርቷል። ስለዚህ የሄድቪግ መለያ እውነት ቢሆንም አይለይም ነበር። እውነተኛው መለያ ከጽዋው ሥር ነበር፤ በእርሱ ፈንታ በየመጽሐፉ የሚደጋገመው «በሞስ መካከል» የሚል አንድ አጭር ሐረግ ነው። የትኛው ሞስ? መልስ የለም።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ መሣሪያ ጎደለ ለሚሉት ሁሉ መልስ ነው። በፈረንሳይ ብሬስት ከተማ መድኃኒት ቀማሚ የነበሩት ወንድማማቾቹ ክሩዋን አንዳንድ የጽዋ ፈንገሶች ከረጢት ጫፉ ላይ በትንሽ ክዳን እንደሚከፈት አስተዋሉ። ሌላው መድኃኒት ቀማሚ፣ የሞንሞራንሲው ኤሚል ቡዲዬ፣ ይህችን ክዳን ይዞ በ1879 ጽዋዎቹን ሁሉ ባለ ክዳንና ክዳን የለሽ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው፤ በ1885ም ምደባውን አስፍቶ አወጣ። ኦክቶስፖራ ከባለ ክዳኖቹ ወገን ነው። የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ያህል ስፋት ያላትን ክዳን አይቶ፣ በቀለም ስሎ፣ በእርሷም ላይ ምደባ ለመሥራት የበቃ ማይክሮስኮፕ፣ የሞስን ሥር መሰል ክር ለመመርመር አይበቃም ማለት አይቻልም። ከከረጢቱ ክዳን ይልቅ የሞሱ ክር ወፍራምና ቡናማ ነው፤ በቀላሉ ይታያል። በ1860ዎቹ ጣሊያናዊው ጁሴፔ ዴ ኖታሪስ ስፖራቸው ድቡልቡል የሆኑትንና እንዲሁ በሞስ መካከል የሚበቅሉትን ላምፕሮስፖራ ብሎ ለየ። ይህ ሰው ደግሞ በሞስ ጥናትም የታወቀ ነው! ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው እንደገና በቦታው ነበር፤ የሚጠይቀው ግን ስለ ስፖር ቅርጽ ነበር። በ1928 አሜሪካዊው ፍሬድ ሲቨር የሰሜን አሜሪካን ባለ ክዳን ጽዋዎች በአንድ መጽሐፍ ሲሰበስብ የሄድቪግን ዝርያ ሁማሪና በሚል ወገን አስገባው። ስሞቹ ይለዋወጣሉ፤ «በሞስ መካከል» ግን ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይወራረሳል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነገሩ ቀስ እያለ ዞረ። ኦክቶስፖራ የሚለው አሮጌ ስም ወደ ሥራ ተመለሰ። በ1959 በፓሪስ አንድሬ ራኮቪትሳ በሞስ ላይ ስለሚኖሩ ፈንገሶች ሰፊ ጥናት አሳተመ፤ ሞስ ለፈንገስ መደገፊያ ብቻ ሳይሆን መኖሪያ ሊሆን እንደሚችል በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ታየ። በ1973 የኪው ዕፅዋት ቦታው ዴኒስና ጀርመናዊው ኢትሰሮት የምዕራብ አውሮፓን የኦክቶስፖራ ዝርያዎች አንድ በአንድ ከለሱ። ወሳኙ እርምጃ የመጣው ግን በ1979 ነው፤ የሙኒኩ ፒተር ዶብለር የኦክቶስፖራንና የዘመዶቹን ጥገኝነት በዝርዝር አሳይቶ ባሳተመ ጊዜ። ጽሑፉ የወጣው በሄድቪግ ስም በተሰየመ መጽሔት ላይ መሆኑን እግረ መንገዴን ልጥቀስ።

ዶብለር ያሳየው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ጽዋው በጥንቃቄ ከነሞሱና ከነአፈሩ ይነሣል፤ አፈሩ በውኃ ታጥቦ የሞሱ ሥር መሰል ክሮች ይለያሉ። አንድ ቡናማ ክር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቀለም የለሽ የፈንገስ ክር በጎኑ ተጋድሞ ይገኛል። የፈንገሱ ክር በአንድ ቦታ ላይ ያብጥና በሞሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከተለጠፈበት ሥር ግድግዳውን በጣም በቀጭኑ ይበሳና ወደ ሞሱ ሴል ይገባል፤ ከገባ በኋላ እንደገና ሰፍቶ መምጠጫ ይሆናል። በአንዳንድ ዝርያ የተያዘው ክር አብጦ እባጭ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከላይ ሞሱ ለምለምና ጤነኛ መስሎ ሳለ ነው፤ የተያዘውን ተክል ካልተያዘው በዓይን መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ለማየት የሚያስፈልገው የብርሃን ማይክሮስኮፕ፣ ቀለምና ትዕግሥት ነው፤ ሦስቱም በቡዲዬ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

ይህም ሆኖ ፈንገሱ ከሞስ ጋር የሚገኘው እርጥበት ስለሚወድ ብቻ ቢሆንስ? መምጠጫውም አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ቢሆንስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ የጽዋ ፈንገስ ሞስ በሌለበት እርጥብ አፈር ላይም ይበቅላልና። የእርጥበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን አንዱ ዝርያ በአንድ ስፍራ ላይ ካሉት ሞሶች ሁሉ ጋር በእኩል መገኘት ነበረበት። የሆነው ይህ አይደለም። ከዶብለር በኋላ በርሊናዊው ዲተር ቤንከርትና ሌሎች የፈንገሱን ብቻ ሳይሆን የሞሱንም ስም እየጻፉ መሰብሰብ ሲጀምሩ ዝምድናው ወለል ብሎ ወጣ። ኦክቶስፖራ ሌውኮሎማ ከብሪዩም አርጀንቲዩም ጋር ነው፤ ይህ በከተማ የድንጋይ ንጣፍ መገጣጠሚያ ላይ ብርማ ሆኖ የሚታየው፣ አንታርክቲካን ጨምሮ በሁሉም አህጉር የሚበቅለው፣ በእኛም ደጋ የማይጠፋው ሞስ ነው። ተለቅ ያለው ኦክቶስፖራ ሁሞሳ ከፖሊትሪኩም ዘመዶች ጋር ነው። ኦክቶስፖራ ሮክስሃይሚ ከፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ ጋር ነው፤ እሳት በነደደበትና ከሰል በከሰለበት መሬት ላይ ቀድሞ ከሚበቅለው ሞስ ጋር ማለት ነው። ኦክቶስፖራ ሙስቺ ሙራሊስ በግንብ ላይ ካለው ከግሪሚያ አይለይም። አራቱም ሞሶች በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ፤ ዝናቡ አንድ ነው፣ ጥላው አንድ ነው፣ ፈንገሶቹ ግን የየራሳቸውን ይይዛሉ።

ከዚህ በኋላ አሠራሩ ተገለበጠ። ቀድሞ ጽዋው በስፖሩ ቅርጽ ይለይ ነበር፣ ሞሱ ከተጻፈ በትርፍነት ይጻፍ ነበር። አሁን ግን ሞሱን መለየት የመጀመሪያ ሥራ ሆነ፤ በስፖር ብቻ አንድ ይመስሉ የነበሩ ጽዋዎች በሞሳቸው ሲጠየቁ ሁለትና ሦስት ዝርያ ሆነው ተገኙ። የፈንገስ ባለሙያ የግድ ሞስ መማር ነበረበት፤ በእኔ ግምት የዚህ ዘርፍ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ። በስም ሕግ በኩል ደግሞ በ1981 በሲድኒ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ የፈንገስ ስም መነሻን ወደ 1753 መለሰው። ከዚያ በፊት የአብዛኛው ፈንገስ ስም የሚቆጠረው ከ1821 በመሆኑ፣ የሄድቪግ ኦክቶስፖራ የሚጸናው በዚያ ዓመት ስሙን በተጠቀመው በእንግሊዛዊው ሳሙኤል ግሬይ ተደግፎ ነበር። ከሲድኒ ወዲህ ወገኑ በ1789ቱ ባለቤት ስም ይቆማል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከዘረመል ጥናት ይመጣል። ዲኤንኤ ዝምድናን በቀጥታ ካሳየ ስለ ሞስ መጨነቁ ለምን? በ2007 እና በ2013 በካሪን ሐንሰን፣ በብሪያን ፔሪና በዶናልድ ፊስተር ቡድን የታተሙት ሰፋፊ ጥናቶች ኦክቶስፖራ የሚገኝበትን ትልቅ ቤተሰብ የዘር ሐረግ አወጡ። ዲኤንኤው ሞስን የሚያስረሳ ሳይሆን የሚያስታውስ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ኦክቶስፖራ ተብሎ የሚጠራው ስብስብ አንድ ንጹሕ የዘር ሐረግ አይደለም፤ የስፖር ቅርጽ ብቻውን ወገን ለመለየት እንደማያስተማምን ግልጽ ሆኗል። የጽዋው ቅርጽም ቢሆን የሚጠፋ ነገር ነው፤ ኦክቶስፖሬላ የሚባለው፣ የሞስ የቅርብ ዘመድ በሆኑት ሊቨርወርቶች ላይ የሚኖረው ዘመዱ፣ ጽዋ ሳይሆን የተዘጋ ትንሽ ድቡልቡል ፍሬ ነው የሚያወጣው። ደግሞም ዲኤንኤ የሚነበበው ከናሙና ነው። ናሙናው የተሳሳተ ስም ከያዘ፣ በስሙ የሚቀመጠው የዘረመል ንባብም ያንኑ ስህተት ይዞ ይቀመጣል። ስሙን ለማረም ደግሞ ሞሱ ይጠየቃል።

ሞሱን የሚጠይቁ ሰዎች ሲበዙ አዲስ ነገር ባልተጠበቀ ስፍራ መውጣት ጀመረ። ለረጅም ጊዜ እነዚህ ፈንገሶች የመሬት ፍጥረታት ተደርገው ይታሰቡ ነበር፤ ቤንከርትና ክሪግልሽታይነር በ2006 ያወጡት ኦክቶስፖራ አፊኒስ ግን በዛፍ ቅርፊት ላይ ካለው ኦርቶትሪኩም አፊኔ ከሚባል ሞስ ጋር የሚኖር ነው። በመካከለኛው አውሮፓ እነዚህ የዛፍ ሞሶች በፋብሪካ ጭስ ድኝ ተመናምነው ነበር፤ አየሩ ሲጠራ ተመልሰው በዝተዋል፤ ጽዋውም ከእነርሱ ጋር እየተፈለገ መገኘት ቻለ። በ2019 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ኦክቶስፖራ ኮኒዲዮፎራ የተባለ ዝርያ ታተመ፤ ከጽዋው ስፖር ሌላ ያለ ጾታ የሚፈጠሩ ስፖሮችም ያሉት፣ በሞስ ላይ ከሚኖሩት ባለ ክዳን ጽዋዎች እንዲህ ያለ ነገር የታየበት የመጀመሪያው ነው።

በየአገሩ ክምችት ያሉት አሮጌ ናሙናዎች ዕጣ ግን የተለያየ ነው። ሰብሳቢው ጽዋውን ከነሞሱ ቆርጦ በወረቀት የጠቀለለው እንደሆነ፣ ደረቁ ሞስ መቶ ዓመት አልፎትም በውኃ ይነከራል፣ ቅጠሉ ይዘረጋል፣ ስሙ ይወጣል፣ ፈንገሱም በዚያው ይለያል። ጽዋውን አጽድቶ ሞሱን የጣለው እንደሆነ ግን በመለያ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ያው «በሞስ መካከል» የሚለው ሐረግ ነው፤ በዚህም ዝርያውን በእርግጠኝነት መለየት እጅግ ይከብዳል።